ወኪሉ በዓል ያከበረበት ሰሞን

ዓርብ ጠዋት ነው። ወደ አርብ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ሰውና አህያ እየተጋፋ ሲተም፣ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው በበቅሏቸው ላይ ጉብ ብለው ይጓዙ ነበር። መሪጌታ በላይኛው ደብር ድጓ ያስተምራሉ፤ ከማኅሌት ሲወጡ ደግሞ እንደ ማንኛውም ገበሬ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ። አገሩ የሚያውቃቸው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ድምፃቸው ነው። ሁለተኛው በዓል ሻረ የተባለ ሰው ካዩ ሳይዘልፉ አለማለፋቸው ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ተሾመች፣ «እኔ በአቦ ቀን መርፌ ያነሣሁ እንደሆነ እስከ ሥላሴ ድረስ ይመክሩኛል» ይላሉ።

ከቁልቁለቱ ሥር ሲደርሱ ሽቅብ ይወጣ የነበረ ባጃጅ አንድ ጎማውን ቦይ ውስጥ ከትቶ ተጋድሟል። አጠገቡ ዮርዳኖስ አንዳርጌ ቆማለች። ይህችን ልጅ ፊደል ያስቆጠሯት ራሳቸው መሪጌታ ናቸው፤ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመርቃ ተመለሰችና የገበሬዎች ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆነች። መሪጌታ በቅሏቸውን ገቱ። ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

«ዮርዳኖስ! ይህ ነገርሽ ሣር አይበላ፣ ገብስ አይበላ እያልሽ ታሞግሺው አልነበር? ለካ ቦይ ይበላል!»

«እንደምን አደሩ የኔታ። ይሳቁብኝ፣ ይሁን። ግን በቅሎዎም አምና በጥምቀት ዕለት ሕዝብ እያየ ጥላዎታለች ሲሉ ሰማሁ።»

«እሷ ከበሮ አስደንግጧት ነው።»

«እሱም ጉድጓድ አስደንግጦት ነው።»

ከዚህች ልጅ ጋር ነገር መጀመር ቀላል፣ መጨረስ ግን ከባድ ነበር። ባለ ባጃጁ ሰው ጠርቶ እስኪያወጣው መቆም አይበጅም ተባለና አብረው ወደ ገበያው አዘገሙ። ሴት ልጅ በእግሯ እየሄደች እሳቸው በቅሎ ላይ መቀመጣቸው ነውር መሰላቸውና ወረዱ፤ ሲወርዱ ወገባቸው ቋ አለ፤ ንዴቱ ዞሮ በዮርዳኖስ ላይ ዐረፈ።

«በይ አሁን ንገሪኝ፤ ያ ቅጥረኛሽ የሚባረረው መቼ ነው?»

ቅጥረኛ ያሉት ሰው አይደለም። ማኅበሩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን አምጥቶ ቢሮው ውስጥ ሥራ አስጀምሯል። ገበሬው «ወኪሉ» ይለዋል። ስልክ ያነሣል፤ በአማርኛ ይነጋገራል፤ የማን ክምር የት እንዳለ ይጠይቃል፤ ማኅበሩ ላለው አንድ የእህል መውቂያ ማሽን ተራ ያወጣል፤ ማሽኑን ለሚጎትተው ትራክተር መንገዱን ያመለክታል፤ ዝናብ የሚመጣ ከሆነም አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ክፉ አልተገኘበትም ነበር። ብቻ ጥቅምት አምስት ቀን፣ በአቦ ዕለት፣ ለገበሬው ሁሉ እየደወለ አጨዳው የት እንደ ደረሰ ሲጠይቅ ዋለ። በዚያው ምሽት በረዶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የመሪጌታ ደም እንደፈላ ነው።

«የኔታ፣ በረዶውን ያመጣው እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ማን አመጣው? በአቦ ቀን የሠራ በረዶ ይጠራል፤ አባቶቻችን የነገሩን ይህንኑ ነው። ጎረቤቴ እንየው በሚካኤል ዕለት አጥር ሲያጥር ተገኝቶ ፍየልና ጠላ ቅጣት ከፍሏል። ያንቺ ቅጥረኛ ምን ከፈለ?»

«ምን ይክፈል? ፍየል የለው፣ ጠላ አይጠምቅ።»

«ድኻ ነኝ ብሎ ማምለጥ የለም!»

«የኔታ፣ እሱ እኮ ነፍስ የለውም። በዓል የሚሽረው ነፍስ ያለው ሰው ነው።»

«ነፍስ ከሌለው ለምን ‹ጤና ይስጥልኝ› ይለኛል? ባለፈው በስልክ እያናገርኩት ቢያስለኝ ‹እግዜር ይማርዎ› አለኝ! ነፍስ የሌለው ነገር በእኔ ሳል ምን ጥልቅ አደረገው?»

«ትሕትና ተምሮ ነው።»

«ትሕትና የተማረ በዓልም ይማራ! በሬ እንኳ በሰንበት ቀንበር ይወርድለታል፤ አህያም ጭነት ይወርድላታል። ለሰው የሚያገለግል ሁሉ ከጌታው ጋር ያርፋል። ሕጉ እንዲህ ነው። ያንቺው ከአህያ በምን ይበልጣል?»

ዮርዳኖስ ጥቂት አሰበች። የሽማግሌው ነገር ውኃ የማያነሣ አልነበረም፤ ልጅቱም ይህን ለማወቅ በቂ ትምህርት ነበራት።

«ንቦችዎስ የኔታ?»

«ንቦቼ ምን ሆኑ?»

«በሚካኤልም በእሑድም አበባ ሲቀስሙ ይውላሉ። ማሩን ሲቆርጡ ግን ‹ይኸኛው የሰንበት ነው› ብለው ለይተው ሲጥሉ አላየሁም።»

መሪጌታ በቅሏቸውን አዩአት፤ እሷም የምትረዳቸው አልመሰለችም።

«ንብ ደመወዝ የላትም» አሉ በመጨረሻ።

«እሱም የለውም።»

«ንብ የእግዜር ፍጥረት ናት፤ እየቀሰመች ታመሰግናለች።»

«እሱ ደግሞ የሰው ሥራ ነው፤ እንደ ውኃ ወፍጮ ነው። አይደክምም፣ አይርበውም፣ ስለዚህ ዕረፍትም አይሻም። ዕረፍት የሚሻው የሚደክም ነው የኔታ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ዐረፈ አላረፈ አይደለም፤ እሱ ለሰው የሚያወጣው ተራ ልክ መሆኑ ነው።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ የመሪጌታ ንዴት የአቦ ብቻ አልነበረም። ወኪሉ ሳይመጣ የማሽኑን ተራ የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ። በመከር ወራት ደጃቸው ሰው አይጠፋበትም፤ «የኔታ አስቀድሙኝ፣ የኔታ ልጅ ልድር ነው» የሚለው ሁሉ ይሰለፍ ነበር፤ ሲመጣም ባዶ እጁን አይመጣም። አሁን ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከእርሻው ሳይነቃነቅ ተራውን ያውቃል። የመሪጌታ ደጅ ሣር አበቀለ። ይህ ነገር አሳዝኗቸዋል፤ ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም።

«የኔታ» አለች ዮርዳኖስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወኪሉ የሚሠራው ሰው ያዘዘውን ነው። በዓሉን የነገረው አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩትም። ትናንት የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ በበዓል ነገር የሚያዝዘው አንድ ሽማግሌ ይሁን አለ። እርስዎ ተመረጡ። ልለምንዎት ወደ ቤትዎ እየመጣሁ ሳለ ነው ቦዩ የያዘኝ።»

መሪጌታ ቆም አሉ። «እኔ ልዘዘው?»

«እርስዎ ያዝዙታል፣ እሱ ይፈጽማል። ነገር ግን ያዘዘ ሰው ይጠየቃል። ኮሚቴው ያለው ይህን ነው።»

መሪጌታ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አልሰሙም። በልባቸው አንዲት ተንኮል ተወልዳ ነበርና፣ የቀረውን መንገድ እሷን ሲያሳድጉ ሄዱ።

ቢሮ ሲደርሱ ዮርዳኖስ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኖረችላቸውና፣ «ለማሽኑ መጠባበቂያ ቺንጋ ልገዛ ደብረ ታቦር መሄዴ ነው፤ የንፋስ መውጫው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ» ብላ እየሮጠች ወጣች። መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ቅኔ እንደሚዘርፍ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተቀመጡ።

«ስማ! መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ነኝ።»

«እንኳን ደህና መጡ የኔታ። በዓላትን በሚመለከት እርስዎ የሚሰጡኝን ትእዛዝ እንድፈጽም ኮሚቴው ነግሮኛል። እየሰማሁ ነው።»

«‹የኔታ› ማለትን ማን አስተማረህ? እኔ ፊደል አላስቆጠርኩህ።»

«ገበሬው ሁሉ እንዲያ ስለሚልዎት ነው። ካልወደዱት እተወዋለሁ።»

«ተው አላልኩም» አሉ መሪጌታ ቶሎ ብለው። «ጻፍ! በአንድ ልደታ ናት፤ አይሠራም። በሁለት ታዴዎስ፤ አይሠራም። በሦስት በአታ። በአራት ዮሐንስ ወልደ ነጎድጓድ። በአምስት አቦ፤ እሱን ታውቀዋለህ፣ በረዶ አውርደህበታል!»

እንዲህ እያሉ እስከ ሠላሳ ወረዱ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቅዱስ፣ ለአንዳንዱም ሁለት ሦስት ነበረላቸው። ወኪሉ አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ እንዲህ አለ፦

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚህ ትእዛዝ መሠረት በወሩ ውስጥ ማሽኑ የሚሠራበት አንድም ቀን አይቀርም። ገብሱ ደግሞ ታጭዶ ሁሉም ክምር ሜዳ ላይ ነው። የፈለጉት ይህንኑ ነው?»

«ከቅዱሳን መካከል እኔ ለማን ላዳላ? ሁሉም ይከበር!»

«እሺ የኔታ። ለሥራ አስኪያጇም አሁኑኑ እነግራለሁ።»

ተንኮሏ ይህች ነበረች። ማሽኑ ሲቆም ገበሬው ይናደዳል፤ ሲናደድ ያንን ጉድ ነቅሎ ይጥለዋል፤ ከጣለው በኋላ ደግሞ ወደ ማን ይመጣል? መሪጌታ ጨውና በርበሬ ሸምተው እያዜሙ ወደ ቤታቸው ወጡ። ዮርዳኖስ ከመንገድ ላይ ደውላ፣ «የኔታ፣ ይህ ነገር ይቅርብዎ፣ እህሉ ሜዳ ላይ ነው» ብትላቸው፣ «ቃሌ አይታጠፍም» አሏት። «ኮሚቴው ለእርስዎ የሰጠውን እኔ ልሽረው አልችልም፤ እንግዲህ ኃላፊነቱም የእርስዎ ነው» አለችና ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ቅዳሜ ሚካኤል ነበር፣ ማንም ቅር አላለውም። እሑድም እሑድ ነው። ሰኞ ግን ጎረቤታቸው እንየው ተራው ደርሶ ማሽኑን ቢጠብቅ ቢጠብቅ የትራክተር ድምፅ የለም። ደወለ።

«ዛሬ የአቡነ አረጋዊ በዓል ስለሆነ ማሽኑ አይንቀሳቀስም» አለው ወኪሉ በትሕትና። «ትእዛዙን የሰጡት መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ቅሬታ ካለዎት ቁጥራቸውን ልስጥዎት?»

ቁጥራቸውን ያልተሰጠው ሰው አልነበረም። የመሪጌታ ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ጮኸ፤ ደጃቸውም ሰው ሞላው። የመጀመሪያውን ቀን ደስ አላቸው፣ ለምን እንዋሻለን? ደጃፋቸው ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ወይዘሮ ተሾመች ቆሎ እያቀረቡ፣ «የአረጋዊን ክብር ታውቃላችሁ ወይ?» እያሉ ሲያስተምሩ ዋሉ። የዱሮው ዘመን የተመለሰ መሰላቸው። ሰዉ ግን ቆሎውን በላና ሳይመርቃቸው ሄደ።

ማክሰኞ እንየው በጠዋት መጣ። መሪጌታ ከጓሯቸው መጥረቢያ አንሥተው የወይራ ግንድ ሲፈልጡ ደረሰባቸው።

«የኔታ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ቂርቆስ ነዋ! ማሽኑ ለምን እንደቆመ ልትጠይቅ ከሆነ—»

«መጥረቢያውስ?»

መሪጌታ መጥረቢያውን አዩት፤ ማን በእጃቸው እንዳስያዛቸው የማያውቁ መሰሉ። «ይህ እንኳ... ለማገዶ ነው።»

«የእኔም ገብስ ለእንጀራ ነው!» አለ እንየው። «አያቴም አባቴም በቂርቆስ ጠዋት አስቀድሰው ከሰዓት ሲያርሱ ነው ያየሁት። እርስዎም ሲያርሱ ነው ያየሁት! ሚካኤልን በሻርኩ ጊዜ ቅጡኝ፣ እሺ፣ ከፍያለሁ። ያለ ጥፋቴ ግን ልጆቼን ለምን ያስርቡብኛል?»

መሪጌታ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰኩት። እንየው ሄደ፤ መጥረቢያው እዚያው ግንዱ ላይ እንደተሰካ ቀረ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ እሳቸው ወኪሉን ሊያስነቅሉ ፈልገው ነበር፣ ሰዉ ግን የተቆጣው በእሳቸው ላይ ሆነ። ወኪሉማ ምን አደረገ? የታዘዘውን ነው።

ረቡዕ ኪዳነ ምሕረት ነች። ከቅዳሴ ሲወጡ በጉና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። በታኅሣሥ ዝናብ! ሁሉም አንጋጦ ቆመ። በዚያው ቅጽበት የሰዉ ስልክ በየኪሱ ጮኸ፤ ወኪሉ ነበር፤ ዓርብ ሌሊት ዝናብ ሊጥል እንደሚችል እየተናገረ ነው። የተከመረ ነዶ ዝናብ ካገኘው በላዩ ላይ ይበቅላል፤ የዓመቱ እህል ጠፋ ማለት ነው። የመሪጌታም ክምር እዚያው አውድማው ዳር ነው፤ ከእሱ ሌላ ጎተራቸው ባዶ ነው።

ወይዘሮ ተሾመች ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገባቸው ቆሙ።

«መሪጌታ፣ ያ ደመና በዓል ያከብራል?»

መሪጌታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ሄደው ስልኩን አወጡ።

«አንተ ወኪል!»

«አቤት የኔታ።»

«ነገ በጠዋት ማሽኑን አስነሣ።»

«ነገ የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ነው የኔታ። እርስዎ—»

«ዐውቃለሁ! እኔ አይደለሁም የነገርኩህ?»

«እንግዲያስ ትእዛዙ ይለወጥ?»

«አይለወጥም! እስጢፋኖስ ይከበራል። ግን ደመናው መጣ።»

«እስጢፋኖስም እንዲከበር፣ ማሽኑም እንዲሠራ ነው የፈለጉት?»

«አዎ! ገባህ!»

«እንዴት አድርጌ የኔታ?»

መሪጌታ በሽቀው መሬቱን በመቋሚያቸው መቱ። «አንተ ግትር! በሬ ገደል ቢገባ በሰንበትም ቢሆን ይወጣል! በዓሉ ሰው እንዲያርፍበት እንጂ እንዲራብበት አልተሠራም! ቅዱሱ ራሱ የድኾችን ማዕድ ሲያገለግል የኖረ አይደለም እንዴ? እህል በሜዳ እየበሰበሰ እኔን አክብሩኝ ይላል?»

ይህን ተናግረው ሲጨርሱ የገዛ ድምፃቸውን ሰሙት። ዮርዳኖስ ከመንገድ ደውላ ያለቻቸውን ሁሉ እሳቸው ከእሷ አስበልጠው፣ ያውም እየጮሁ እየተናገሩት ነው። ፊታቸው ጋለ።

«የኔታ፣ በዚህ ነገር ፈራጁ እኔ መሆን አልችልም» አለ ወኪሉ። «የትኛው በዓል ሥራ እንደሚከለክል፣ የትኛው ደግሞ ከጸሎትና ከጸበል ጸዲቅ በኋላ ሥራ እንደሚፈቅድ ሕዝቡ የሚቀበለው ከእርስዎ ነው። እርስዎ ይፍረዱ፤ መደወሉን፣ ማሰናዳቱን፣ መንገዱን ለእኔ ይተዉት።»

መሪጌታ ከግንቡ ሥር ቁጭ አሉ። ጨዋታው አብቅቶ ነበር። አያቶቻቸው በእርግጥ በሬ የፈቱባቸውን በዓላት አንድ በአንድ ለዩና ተናገሩ፤ በቀሩት ቀኖች ጠዋት ተቀድሶ ከዚያ በኋላ ይሠራ አሉ። እስጢፋኖስና ኤዎስጣቴዎስ፣ ሐሙስና ዓርብ ማለት ነው፣ ለሥራ ተፈቱ። ቅዳሜ የታኅሣሥ ገብርኤል ነው፤ እሱን ማንም አይነካውም።

«ተራውን እንደምን ላውጣው?» አለ ወኪሉ።

«ከሁሉ የሚያሰጋው የማን ክምር ነው?»

«የወይዘሮ ማሬ። ወንዙ ዳር ረግረጉ ላይ ነው። ቀጥሎ የአቶ እንየው፣ ከዚያ...»

«የእኔስ?»

«የእርስዎ ከፍታ ላይ ስለሆነ መጨረሻ ነው የሚደርሰው። ቢያዝዙኝ ግን ላስቀድመው እችላለሁ።»

በዱሮው ጊዜ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር፤ የመሪጌታ ክምር ማንም ሳይጠይቅ መጀመሪያ ይወቃ ነበር። ጎተራቸውን አሰቡ። ወይዘሮ ተሾመችን ከሩቅ አዩአቸው።

«መጨረሻ ይሁን» አሉ።

ወዲያው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስከ ማዶው ሸንተረር ስልክ ይጮህ ጀመር። ማን መቼ እንደሚወቃለት፣ ማን ነዶ ይዞ የት እንደሚጠብቅ፣ ትራክተሩ በየት እንደሚዞር፣ የጸሎተ ቅዳሴው ሰዓት ሳይቀር፣ ሰዉ ገና ከደጀ ሰላሙ ሳይርቅ ሁሉም ዐወቀው። መሪጌታ ይህን ለማድረግ ዱሮ ስንት ሰው ይልኩ እንደነበር፣ ስንት ሰው ሳይሰማ ቀርቶ ስንት ጠብ እንዳስታረቁ ትዝ አላቸው። «ወይ ጉድ!» አሉ ብቻቸውን።

ስልካቸው እንደገና ጮኸ።

«የኔታ፣ ወይዘሮ ማሬ እንቢ ብለዋል። በእስጢፋኖስ ከሠራሁ በረዶ ይወርድብኛል ብለው ፈርተዋል። እኔ የምላቸው ነገር የለኝም።»

መሪጌታ በቅሏቸውን ጭነው ወረዱ። ማሬ ባሏ የሞተባት፣ ሰው የማታምን፣ ምላሷ ስለታም ሴት ናት።

«ዓርብ ዕለት ሠላሳውን ቀን በዓል ያደረጉ እርስዎ፣ ዛሬ ደግሞ ሥሪ ይሉኛል? የቱን ልመን?»

«የዛሬውን እመኚ። የዓርቡ ትዕቢት ነበር። ኃጢአት ካለበት በእኔ ይሁን፣ በነፍሴ ልያዝ። በጠዋት ነዶሽን አዘጋጂ።»

«እንዲህ ካሉማ እሺ» አለች ማሬ።

ሐሙስ ዮርዳኖስ ስትፈልገው የሰነበተችውን ቺንጋ ይዛ ደረሰች። ማሽኑ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቶ ከአውድማ አውድማ ሲዘዋወር ዋለ፤ ዓርብም እንዲሁ። መሪጌታ በበቅሎ እየተከተሉ ያኮረፈውን ያስታርቃሉ፣ የፈራውን ያጽናናሉ፣ ዱላ ያነሣውን ዱላውን ያስጥላሉ። ወኪሉ ደግሞ «ቀጥሎ እንትና» ይላል። ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከአንድ ክምር በቀር ሁሉም ተወቅቶ ገብቷል። የቀረው የመሪጌታ ክምር ነው።

ትራክተሩ አውድማቸው ላይ ቆመ። የሾፌሩ የእንዳልካቸው ስልክ ላይ ወኪሉ፣ «የመጨረሻው ነው። አሁኑኑ ከተጀመረ ዝናቡ ሳይደርስ ያልቃል» አለ። ወይዘሮ ተሾመች እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። መሪጌታም ነዶ ሊያነሡ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ቀና ሲሉ ግን ሾፌሩን አዩት። ዓይኑ በገለባ አቧራ ቀልቷል። የሰጡትን የውኃ ጣሳ ጠጥቶ ሳይጨርስ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

«አቁሙ» አሉ መሪጌታ።

«የኔታ» አለ ወኪሉ፣ «ዛሬ ካልተወቃ ነገ ገብርኤል፣ ከነገ ወዲያ እሑድ ነው። ክምርዎን ዝናብ ያገኘዋል።»

«ይህ ልጅ ደክሞታል።»

«አልነገረኝም የኔታ።»

«አይነግርህም። በሽማግሌ ክምር ፊት ቆሞ ደከመኝ የሚል የጋይንት ልጅ የለም። እሱን ማየት የእኛ ሥራ ነው። እንቅልፍ የያዘው ሰው ወደ መውቂያ አይጠጋም፤ እጁን ይቆርጠዋል። ግባ እንዳልካቸው፤ ሽሮ አለ፣ ብላና ተኛ።»

እንዳልካቸው «ኧረ እችላለሁ የኔታ» አለ፤ ሲወርድ ግን ደግፈው ነው ያስገቡት። ማሽኑን ተከትላ የመጣችው ዮርዳኖስ ቀረብ አለች። «ይህን እኔም አላሰብኩትም» አለች። «የሾፌሩ ዕረፍት ከዛሬ ጀምሮ በትእዛዙ ውስጥ ይገባል።»

ወሬው ቶሎ ወረደ። እንየው የራሱን ላስቲክ ይዞ መጣ፤ ማሬ ሸራ ተሸክማ መጣች፤ ሌላውም ተከተለ። ክምሩን ሸፈኑት፣ በድንጋይ ጫኑት። ሌሊቱን የወረደው ዝናብ ግን ቀላል አልነበረም። ሰኞ ሲገልጡት ከላይ በኩል ያለው ነዶ በቅሏል፤ የተረፈው ይበልጣል፣ ግን የጠፋውም ትንሽ አልነበረም። መሪጌታ የበቀለውን ገብስ በመዳፋቸው ያዙ፤ ከፋቸው። ወይዘሮ ተሾመች ተቀበሏቸውና ወደ ብርሃን አዙረው መረመሩት።

«ምን ያዝናሉ? ሰማዩ ብቅል አብቅሎልን ሄዷል። ለልደት ጠላ እጠምቅበታለሁ!»

ከልደት በኋላ ከስማዳ የመጡ ገበሬዎች ወኪሉን ለማየት ቢሮው ተሰበሰቡ። ዮርዳኖስ ልትናገር ስትነሣ መሪጌታ በእጃቸው አስቀመጧት፤ መናገር እንደሆነ ማንም አያስቀድማቸውም።

«ስሙኝ» አሉ። «ይህን ነገር ከእኔ አብልጦ የጠላው የለም፤ ስለዚህ ብመሰክር ታምኑኛላችሁ። ጥቅሙ ብዙ ነው። ዱሮ ተራ ለመያዝ ሰው ሁለት ቀን ይመላለስ ነበር፤ አሁን በዚያ ቀን ያርማል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ዱሮ ቀድሞ የሚወቃለት ወዳጄ የነበረ ነው፤ አሁን የሚያሰጋው ይቀድማል። ዝናብ ሲመጣ እንሰማለን። የማሬ ገብስ ገብቷል፣ የዚያ ሁሉ ሰው ገብስ ገብቷል፤ እኔ በእግሬ ብዞር ግማሹን ባላዳረስኩ። መሮጡን፣ መደወሉን፣ መቁጠሩን ለእሱ ስጡት። እኛ ደግሞ ለእኛ የሚገባው ሥራ ቀርቶልናል፤ መፍረድ፣ ማስታረቅ፣ የደከመውን ማየት። ዕረፍቱም ቢሆን ለእኛ ነው።»

ከስማዳዎቹ አንዱ እጁን አነሣ። «የኔታ፣ እኛስ ብናመጣው ምን እናዘጋጅለት? መብራት ነው? ኮምፒውተር ነው?»

«እሱን ዮርዳኖስ ትነግራችኋለች። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው አዘጋጁለት። ይህ ነገር የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ትእዛዙ ክፉ ሲሆን ግን አያፍርም፣ እንቅልፍም አያጣበትም። የሚያፍርለት ሰው ያስፈልገዋል።»

«እንግዲያስ እርስዎን እንውሰድዎታ!» አለ ሰውዬው፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

መሪጌታም ሳቁ። «የለም ወንድሜ፣ ከራሳችሁ ፈልጉ» አሉ። «እኔ ለዚህኛው ገና አፍሬ አልጨረስኩም።»